መጀመሪያ መለኪያ አስይዣቸው

ይድረስ ለልጄ ለፈቲያ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎችሽ ስለ ግብርናና ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ሙያ አንድ ቀን ልታዘጋጂ እንደሆነ ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። አደራሽን፣ ክፍል ውስጥ ሰብስበሽ «ግብርና የኢኮኖሚያችን ዋልታ ነው» እያልሽ አታድክሚያቸው። ከድሬዳዋ በላይ ያለው የደንገጎ ተራራ ልጅ ማሽላና ከብት ከአስተማሪው በላይ ያውቃል። እሱ ያላየው ይህ እውቀቱ የሚለካ፣ ደሞዝ የሚቆረጥለት ሙያ መሆኑን ነው።

ለመነሻ ኤ-ፍሬም ይበቃሻል፤ ተዳፋት ላይ እያራመዱ እኩል ከፍታ ያለውን የእርከን መስመር የሚያወጡበት፣ የA ቅርጽ ያለው የእንጨት መለኪያ ነው። 2 ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች አናታቸው ላይ ይጋጠማሉ፤ እግሮቹን 2 ሜትር ያህል አራርቀሽ ወገባቸው ላይ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን አግዳሚ ምቺበት። ከአናቱ ሲባጎ አስረሽ ጫፉ ላይ ድንጋይ ከአግዳሚው ዝቅ አድርገሽ አንጠልጥይ። ብዙ ሰው የሚዘለው ልኩን ማውጣቱን ነው። እግሮቹ ያረፉበት ላይ ሁለት ችካል ምቱ፤ ሲባጎው አግዳሚውን የነካበትን አስምሩ። ከዚያ እግሮቹን አቀያይራችሁ እዚያው ችካሎቹ ላይ አቁሙና እንደገና አስምሩ። ትክክለኛው ልክ የሁለቱ መስመሮች መሃል ነው፤ ሲባጎው እዚያ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። ይህ ሳይደረግ ሁልጊዜ አንዱን እግር እያስቀደሙ ከሄዱ ስህተቱ ይደመራል፦ በአንድ እርምጃ 2 ሳንቲሜትር ቢዛነፍ በ20 እርምጃ 40 ሳንቲሜትር ይሆናል። እርከኑ በዚያ መስመር ከተሠራ ጎርፉ ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ይሰበሰብና ጥሶት ይወጣል፣ ከታች ያለውን ማሳ ቦረቦር ያደርገዋል። ነፋስ ካለ ድንጋዩ ከበድ ይበል፤ እግሩም ጉድጓድ ወይም ጓል ላይ እንዳያርፍ ተቆጣጠሪ።

ከዚያ ሒሳቡን ስጫቸው። ተዳፋቱ 10 በመቶ ከሆነና በሁለት እርከኖች መካከል የ1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ከተፈለገ፣ ርቀቱ 10 ሜትር ነው። ተዳፋቱ 20 በመቶ ሲሆንስ? በእግራቸው ለክተው ይድረሱበት። እዚያው ቆመው ቁልቁል ድሬን ይዩ። ከእነዚህ ተራሮች የወረደው ጎርፍ ነው ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በደቻቱ ወንዝ ገብቶ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው። ክትርና እርከን ብቻቸውን እንዲህ ያለውን ጎርፍ አያቆሙም፤ ግን ውሃው እዚያው ተራራው ላይ እንዲሰርግና ፍጥነቱ እንዲቀንስ ያደርጋሉ። የተፋሰስ ባለሙያ ሥራ ይሄው ነው።

ሌሎቹንም ሙያዎች በሚያውቁት ቦታ አሳዪያቸው፤ ከብት የሚያክሙትን፣ ችግኝ ጣቢያ የሚሠሩትን፣ ባቢሌ ዝሆኖቹን የሚጠብቁትን። የሐረማያ ሐይቅ ለምን ደርቆ እንደነበር ከጠየቁሽም የውሃ ባለሙያ ምን እንደሚሠራ ለመንገር ጥሩ አጋጣሚ ነው።

የመግቢያውን መንገድ ግን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ለመማር 11ኛ ክፍል ላይ ተፈጥሮ ሳይንስ መምረጥ ያስፈልጋል። ሒሳብና ኬሚስትሪ ፈርታ ማኅበራዊ ሳይንስ የመረጠች ልጅ በሩን ሳታውቀው ትዘጋዋለች። ለዚህ ነው 12ኛ ሳይደርሱ አሁን መስማት ያለባቸው። ዩኒቨርሲቲ ያልመጣለት ደግሞ በግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ሠልጥኖ የልማት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል።

እንግዳ ከጋበዝሽ ኃላፊ አታምጪ፤ ገጠር ያደገች፣ ቀበሌ ላይ የምትሠራ ወጣት የልማት ሠራተኛ ትበልጣለች። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ እንድትናገር ፍቀጂላት፣ ኦሮምኛም ሶማልኛም ይሁን። ማለዳ አትጀምሪ፤ ሴቶቹ ውሃ ቀድተው እስኪመለሱ 4 ሰዓት ይሆናልና ወንዶች ብቻ ይቀሩሻል። ኅዳር አጨዳ ነው፣ ይቅርብሽ። ጥር የተሻለ ነው፤ የተፋሰስ ሥራ ስለሚጀመር የለኩት መስመር ሲቆፈር ያያሉ። መሳሪያው ለአምስት ልጅ አንድ ይድረስ፤ ከዚያ ከበዛ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሌላው ቆሞ ያያል።

ሲባጎና ሜትር እኔ እልክልሻለሁ፤ እንጨቱን ከዚያው ፈልጉ።

አባትሽ፣
ድሬዳዋ