ለልጄ ለዘሐራ፦ ካሜራው ያላሳየሽ

ደሴ

ውድ ልጄ ዘሐራ፣

አሰላሙ አለይኪ። አልሐምዱሊላህ እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ከብርዱ ጋር እየተነሣ ያስቸግረዋል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለም። ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ከዋለ ሳምንት አለፈው፤ ልብስ አልደርቅ ብሎን ምድጃው ዙሪያ ነው የምናሰጣው።

ለአረፋ መጥተሽ በተመለስሽ በሦስተኛው ቀን ቤት ስጠርግ ቀለበትሽን ከረከቦቱ ሥር አገኘሁት። ስኒ ስታቀብይ ወልቆ ሳይሆን አይቀርም። አባትሽ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የገዛልሽ ቀለበት ነው፤ ያኔ ለማውለቅ ሳሙና ይፈልግ ነበር። አሁን ሳይታወቅሽ ከጣትሽ ወርዶ ወለል ላይ ቀረ። በእጄ ይዤው ብዙ ቆየሁ። ደውዬ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ በስልክ ግን ሁለታችንም እንቸኩላለን፣ አንቺም «አብሽሪ እማ፣ ደህና ነኝ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ መጻፉን መረጥሁ።

የበዓሉ ዕለት ዘመድ ሁሉ ገበታውን ከብቦ ሳለ አንቺ ካሮት፣ ቲማቲምና ውኃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ በሰሃን ይዘሽ ዳር ተቀመጥሽ። አክስትሽ ስትጎተጉትሽ «እሳት የነካው ምግብ የሞተ ምግብ ነው» አልሻት። በእንግዳ ፊት መልስ መስጠት አልፈለግሁም። ማታ ግን ስልክሽን ከፍተሽ ስለ ጥሬ አመጋገብ ያሳየሽኝን ቪዲዮ ሁሉ በትዕግሥት አየሁ፤ ከሄድሽም በኋላ ወንድምሽን እያስከፈትሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ አየሁ። ልጄ ያመነችበትን ነገር ሳልመረምር መናገር አልፈለግሁም።

ያየሁት አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። የምትናገረው ሴት ወጣት ናት። ፓፓያው ሲሰነጠቅ ካሜራው ይጠጋል። ቀድሞ ታምማ እንደነበር፣ አሁን እንደዳነች ትናገራለች። መጨረሻ ላይ የሚሸጥ ነገር አይጠፋም፤ ወይ ዱቄት፣ ወይ መጭመቂያ፣ ወይ በክፍያ የሚሰጥ ትምህርት። ምግብ ከ48 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ለመፈጨት ይረዳል የምትለው ኢንዛይም ይሞታል ትላለች፤ ያ ኢንዛይም በጥሬው ቢበላም አብዛኛው ጨጓራ ውስጥ ባለው አሲድ እንደሚፈርስ ግን አትናገርም። ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ ደግሞ በሌላ በኩል ቆመዋል። እነሱ ዘንድ ጥሬ የሚበላ ሰው አእምሮው የተነካ ነው፤ የሚጽፉትም ሰው ሲሞት ወይም ሆስፒታል ሲገባ ብቻ ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ዙሪክ ላይ ቢርሸር ቤነር የተባለው ሐኪም ለበሽተኞቹ ጥሬ ፖምና አጃ ይሰጥ እንደነበር፣ ነገሩ የቆየ የሐኪሞች ክርክር እንደሆነ የሚያስታውስ ከሁለቱም ወገን አላገኘሁም።

ዘሐራ፣ የወሎ ሰው ይህን ነገር ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል፤ እኛ በካሜራ ታይተናል። በ1966ቱ ረሃብ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ መጥቶ ፊልም አነሣ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከንጉሡ ግብዣና ሥጋ ከሚበሉት ውሾቻቸው ምስል ጋር እያፈራረቀ መስከረም 1 ቀን 1967 በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ግብዣውም እውነት ነበር፤ ሁለቱን የሰፋቸው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። በጥቅምት 1977 ደግሞ የቢቢሲ ካሜራ ኮረም ላይ ቆመ። ያኔ ሃያ ዓመት ገደማ ነበርሁ። ዓለም አለቀሰ፣ እህል መጣ፣ ብዙ ነፍስ ተረፈ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ወሎ ሲባል ሰው የሚታየው ያ ሜዳ ብቻ ሆነ፤ የቃሉ ወረዳን ማሽላ፣ የሐይቅን ዓሣ ማን አሳየልን? ምስል ሲቀርብልኝ «ምኑ ተቆርጦ ቀረ?» ብዬ የምጠይቀው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

አንድ የላክሽልኝን ጽሑፍ በዚሁ ዓይን አነበብሁት። ጥሬ ብቻ መብላት ልብን እንደሚጠብቅ የጀርመን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል ይላል። ጥናቱ አለ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 የወጣ ነው፤ 201 ሰዎች ተመርምረው መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። በዚያው ጥናት ላይ ግን ከመቶው 38ቱ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነበረባቸው፤ ጽሑፍሽ ይህን ዘለለው። በዚያው አቆጣጠር በ1999 ደግሞ እዚያው ጀርመን ከ500 በላይ ጥሬ ተመጋቢዎች ተጠይቀው ነበር፤ ከ45 ዓመት በታች ከሆኑት ሴቶች 30 በመቶው ወር አበባቸው ተዛብቷል ወይም ጨርሶ ቆሟል። ምግባቸው ከ90 በመቶ በላይ ጥሬ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ተጎድተዋል። ስለዚህ እናት ነኝና በግልጽ እጠይቅሻለሁ፤ ወር አበባሽ በጊዜው ይመጣል? ለእኔ ካልነገርሽኝ ለማን ትነግሪዋለሽ?

የሚያስፈራሩትንም ቢሆን ዝም ብዬ አላመንሁም። በ2023 ማሌዥያ ውስጥ የሞተችውን ሩሲያዊት ታስታውሻለሽ፤ ለዓመታት ጥሬ ፍራፍሬ ትበላ የነበረችውን የ39 ዓመት ሴት። ዜናው ሁሉ በረሃብ ሞተች እያለ የከሳ ፎቶዋን ደረደረው። እናቷ ግን ኮሌራን የመሰለ ኢንፌክሽን እንደገደላት ተናገረች፤ ያን ዜና የጻፉትም ይፋ የሆነ የሞት ምክንያት በእጃቸው አልነበረም። የእናቷ ቃል ከጽሑፉ ግርጌ በአንድ መስመር ገብቷል። ያቺ እናት ልጇን ከቀበረች በኋላ ፎቶውን ስንት ጊዜ አይታው ይሆን? እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። አንቺን የማንም ማስፈራሪያ ወይም መማረኪያ እንድትሆኚ አልፈልግም።

ጥሬ ሥጋውም ከዚህ አይለይም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አበሾች ከቆመ ላም ሥጋ ቆርጠው ይበላሉ ብሎ ጻፈ፤ እስከ ዛሬ ድረስ የሚመጣው እንግዳ ዓይኑን አፍጥጦ ቁርጥ ሲጎርስ ራሱን ይቀርጻል። የእኛው ቴሌቪዥን በበኩሉ በየበዓሉ ቢላዋውንና አዋዜውን ያሳያል፤ ስለ ኮሶ ትል የሚያነሣ የለም። አያቶቻችን ግን ጥሬ ሥጋ ሲበሉ ኮሶውንም በየሁለት ወሩ ይጠጡ ነበር፤ ምሬቱ ከነማስቀመጡ የማዕዱ ዕዳ ነበር። ባሕር ማዶ «የጉበት ንጉሥ» የተባለውን ጡንቻማ ሰው ወንድምሽ አሳየኝ። ያን ሰውነት ያገኘሁት ጥሬ ጉበት በልቼ ነው ሲል ከርሞ በ2022 መጨረሻ ስቴሮይድ የተባለ የጡንቻ ማፈርጠሚያ መድኃኒት ይወስድ እንደነበር ራሱ አመነ።

አሁን በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ። አንቺ ሳትወለጂ ደላንታ አስተምር ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሌላው እህል ሲከዳ ጓያ ብቻ መሬት ላይ ቀረ፤ ጓያ ድርቅ ይችላል። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ፤ ከብት ጠባቂ፣ ፈጣን ሯጭ። አንድ ሰኞ በዱላ ተደግፎ መጣ። ጉልበቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ተረከዙ መሬት አይነካም፤ በጣቶቹ ብቻ ይረግጣል። ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለችውን ትንሽ መንገድ ለመጨረስ የፈጀበት ጊዜ፣ ክፍሉም በሙሉ ዝም ያለው ዝምታ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። በዚያ አካባቢ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው በጓያው ምክንያት እንዲሁ ሆነ፤ አብዛኛው ጎረምሳ ነበር። የዚያ ተማሪዬ እግርም ዳግመኛ አልተመለሰለትም።

በኋላ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ጠይቀው የደረሱበትን ሳነብ አለቀስሁ። የጓያውን እሸት በጥሬው የበሉት፣ ቆሎውንና ንፍሮውንም የበሉት ለበሽታው ይበልጥ ተጋልጠው ነበር። አቡክተው እንጀራ፣ ቂጣ ወይም ወጥ ያደረጉት ላይ ግን ያ አደጋ አልታየም። ከስንዴና ከገብስ ጋር መቀላቀሉም ይረዳል። ልብ በይ፣ ቆሎና ንፍሮም እሳት ነክቷቸዋል። እኔ እሳት ብቻውን ያድናል አልልሽም፤ ጥሬነት ብቻውን ያድናል ለሚሉሽም ያ ልጅ ይመስክርባቸው። እሸት ከመሬት እንደ ወጣ የተበላ የተፈጥሮ ምግብ ነበር፤ ያዳነው ግን ማጥለቁን፣ ማቡካቱን፣ መቀላቀሉን የሚያውቅ የሴት እጅ ነው። ስልክሽ ላይ ያለችው ሴት ይህን እጅ «ገዳይ» ትለዋለች፤ በዚህ እቆጣለሁ። ሊጡ በሦስተኛው ቀን ሲነፋ፣ አረፋ ሲደፍቅ ልጅ ሆነሽ በጣትሽ ትነኪው ነበር። የጤፉን ብረት አስሮ የሚይዘውን ነገር የሚፈታው ያ ማቡካት ነው፤ የሞተ ነገር ይህን ያደርጋል?

ጥሬ አትብዪ ማለቴ አይደለም። ከሐርቡ መንገድ ዳር ገዝተን ጥንቅሽ ስንመጥ፣ የባቄላ እሸት ከማሳው ስንፈለፍል አብረን ነበርን። ቫይታሚን ሲ በእሳት እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ የቲማቲሙ ቀይ ንጥረ ነገር ደግሞ ሲበስል ይበልጥ ከሰውነት ይዋሃዳል። ነገር ግን ያቺ ሴት ሰላጣዋን የምታጥበው በምን ውኃ እንደሆነ አስቢ። አንቺ አዲስ አበባ ነሽ፤ ከአቃቂ ወንዝ በሚጠጣ ማሳ ላይ የበቀለ ቅጠል እዚያው ገበያ ይወጣል። ታይፎይድና አሜባ የእሷ ቪዲዮ ውስጥ የሉም፤ አንቺ ሰፈር ግን አሉ።

ስለዚህ የምለምንሽ ይህን ነው፤ በዚህ ወር ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ፤ የቢ12ና የብረት መጠንሽን ይዩልሽ። ውጤቱን እንደመጣ አንብቢልኝ፤ ከዚያ በኋላ ከወሰንሽው ጋር አልጣላሽም።

ቅዳሜ በሚመጣው አውቶቡስ በሶ፣ የሽሮ ዱቄትና የተቆላ ገብስ ልኬልሻለሁ። በሶው እሳት ነክቶታል፤ እንደምታውቂው ግን ለመብላት ሌላ እሳት አይፈልግም፤ በውኃና በጨው በጥብጠሽ ከሥራ በፊት ጠጪው። ቀለበቱን ከበሶው ላይ በጨርቅ ቋጥሬ አስቀምጬዋለሁ። እንዳይወልቅብሽ ከውስጥ በኩል ነጭ ክር ጠምጥሜበታለሁ፤ ጣትሽ ሲሞላ ክሩን ፍቺው።

እናትሽ