ኳሷ ወደ ቀኝ ስለምትታጠፍበት ጉዳይ

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከረምክ? ሰላም ነህ ወይ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ በማለቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ስትጽፍልኝ «ጎልፍ ስጫወት ኳሷ ወደ ቀኝ እየታጠፈች አስቸገረችኝ፣ ርቀትም ጠፋብኝ፣ ምን ይሻላል?» ብለኸኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም። እኔንም ያው ነበር የቸገረኝ። መልሱን ሳገኝ እጽፍለታለሁ እያልኩ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። አሁን ግን የምነግርህ ነገር አለኝ።

ያኔ አንድ አሰልጣኝ ዘንድ ሄጄ ነበር። «ጠንከር አድርገህ ምታ፣ ክንድህ ሰነፍ ነው» አለኝ። አመንኩት። በሳምንት ሦስት ቀን እየሄድኩ ባለ በሌለ ኃይሌ መደብደብ ጀመርኩ። ወገቤ ተያዘ። አምስት ሳምንት ዱላ ሳልነካ ተቀመጥኩ። ስመለስም ኳሷ ከበፊቱ ብሳ ጠበቀችኝ።

በተኛሁባቸው ሳምንታት የጎበዝ ተጫዋቾችን ስዊንግ፣ ማለትም የዱላ አወዛወዛቸውን፣ በዝግታ እያደረግኩ ደጋግሜ አየሁ። አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። እጃቸው ቸኩሎ አይመጣም። ዱላው ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ክብደታቸው ወደ ግራ እግራቸው መሻገር ጀምሯል። ከዚያ ዳሌ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ክንድ ይመጣል፣ ዱላው የመጨረሻው ነው። ልክ እንደ ጅራፍ። እጀታው ቀስ ሲል ጫፉ ይፈጥናል። እኔ ግን ተቃራኒውን ነበር የማደርገው፤ ከላይ ስመለስ በቀኝ ትከሻዬና በእጄ ነበር የምጀምረው፣ ያን ጊዜ ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ ይመጣና ኳሷን ፊት ለፊት ከመምታት ይልቅ በጎን ይልጣታል። ተልጣ የሄደች ኳስ ትሽከረከራለች እንጂ አትርቅም።

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። አንተ ሁለት ጥያቄ ነበር የጠየቅከኝ፣ መልሱ ግን አንድ ነው። ርቀቱን የሚበላብህም ወደ ቀኝ የሚወስድብህም ያው ስህተት ነው።

ስለ ዱላው ፊት፣ ኳሷን ስለሚነካው ገጽ፣ በደንብ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ዱላና ኳስ የሚነካኩት አንድ ሴኮንድ ለሁለት ሺህ ቢከፈል የአንዱን ክፍል ያህል ብቻ ነው። በዚያ ቅጽበት ውስጥ ምንም ማስተካከል አይቻልም፣ ነገሩ ሁሉ ቀድሞ አልቋል። ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው ፊቱ ያየበት አቅጣጫ ነው። የምትታጠፈው ደግሞ ፊቱና ዱላው የሚጓዝበት መስመር ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። አስበው፣ አነሳሷ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ 200 ሜትር ላይ ስትደርስ ከመስመሩ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ትወጣለች፤ ያውም ሳትታጠፍ። ወደ ቀኝ ትሄዳለች ብለህ ወደ ግራ ዞረህ እንዳትቆም። እኔ ለወራት እንደዚያ አድርጌያለሁ። ወደ ግራ በዞርኩ ቁጥር ዱላው ይበልጥ ወደ ግራ ይጓዛል፣ ፊቱ ያው ወደ ቀኝ እንዳየ ነው፣ መታጠፉም ይብሳል።

ፊቱን ያስተካከለልኝ አያያዜ ነው። አንተም እኔም ቀኞች ስለሆንን የግራ እጅህን ተመልከት። እጀታው መዳፍህ መሃል ሳይሆን ጣቶችህ ላይ ይተኛ። ቆመህ ወደ ታች ስታይ በእጅህ ጀርባ ላይ ከጣቶችህ ስር ካሉት ጉብ ጉብ ካሉ አጥንቶች ሁለቱ፣ ቢበዛ ሦስቱ ይታዩህ። አንድ ብቻ ከታየህ ፊቱ ወደ ቀኝ እንዳየ ኳሷ ጋ ይደርሳል። ደግሞ አትጭመቀው። የተጨመቀ እጅ አንጓውን ያደርቀዋል፣ የደረቀ አንጓ ፍጥነት አይሰጥም።

አሁን እኔን በጣም ያስደነገጠኝን ልንገርህ። ለእግር የሚነፋውን ነጭ ዱቄት፣ በቆርቆሮ የሚሸጠውን፣ የድራይቨሩ፣ ለሩቅ ምት የምንይዘው ረጅሙ ዱላ፣ ፊት ላይ ስስ አድርጌ ነፋሁበት። አሥር ኳስ መታሁ። እያንዳንዷ ኳስ ነጩ ላይ ክብ ምልክት ትታ ሄደች። መሃሉን የነካችው አንዲት ነበረች። ሌሎቹ ሁሉ ወደ ዘንጉ ተጠግተው ተደራርበዋል። እዚያ የተመታች የድራይቨር ኳስ ጉልበት ታጣለች፣ ወደ ቀኝ የመታጠፍ ሽክርክሪትም ይጨመርባታል። ለካ ወደ ታች ስወርድ ክብደቴ ወደ እግር ጣቶቼ እያዘነበለ ወደ ኳሷ እጠጋ ነበር። ክብደቴን ወደ እግሬ መሃል መልሼ ፍጥነቴን ወደ ሰባ በመቶ ዝቅ ሳደርግ ምልክቶቹ ወደ መሃል መጡ። ዝቅ ባለው ፍጥነት ኳሷ ከበፊቱ ርቃ ወደቀች! ሜዳው ላይ ብቻዬን ቆሜ አንተን አሰብኩ።

ቅደም ተከተሉን የለመድኩት በአንዲት ልምምድ ነው። እግሮችህን ገጥመህ ቁም። ዱላው ወደ ላይ ሲወጣ፣ ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብለህ በግራ እግርህ ወደ ዒላማው አንድ እርምጃ ተራመድ፣ ከዚያ ምታ። መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውነትህ ራሱ ይይዘዋል። ፍጥነት ለመጨመር ደግሞ ዱላውን ገልብጠህ ኳስ በሚመታው ጫፉ በኩል ያዘውና ያለ ኳስ ወዝውዘው። ሽው የሚለውን ድምፅ አዳምጥ። ድምፁ ቀኝ እግርህ አጠገብ ከተሰማ ጉልበትህን ቀድመህ ጨርሰኸዋል ማለት ነው። ኳሷ የምትቀመጥበትን ቦታ አለፍ ብሎ መሰማት አለበት።

የኳሷን አቀማመጥ ታውቀዋለህ፤ ለድራይቨር ከግራ ተረከዝህ ፊት ለፊት፣ ለ7 አይረን፣ ለመካከለኛ ርቀት ለሚሆነው የብረት ዱላ፣ ከመሃል ብዙም ሳይርቅ።

በል እንግዲህ፣ አደራህን ወገብህን ሳታሟሙቅ እንዳትጀምር። በዚህ ሳምንት ዱቄቱን ንፋበትና አሥር ኳስ ምታ። የዱላውን ፊት ሳትጠርገው ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ምልክቶቹ የት እንዳረፉ አብረን እንየው፤ በዚያው ቀን እመልስልሃለሁ።

የማይረሳህ ጓደኛህ