ማይጨው ስለቀረው ባላገር

ለምወድህ ልጄ፣

ማይጨው ላይ የወደቀው ባላገር እንዴት ዘምቶ እንዴት እንደሞተ ጠይቀኸኛል። ስለ ራሶቹ ከመጽሐፍ ታገኛለህ፤ እኔ ከስንቁ ልጀምርልህ፣ የዘማቹ ጉልበት አቁማዳው ነበርና።

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ከእርሻው የተነሣው ባላገር ደመወዝ የለውም፤ ስንቁን ራሱ ይችላል። የምታሰናዳለት ሚስቱ ናት። ገብሱን ትፈትገዋለች፣ ትቆላዋለች፣ ትፈጨዋለች፤ በሶ ሆነ። ከፊሉን በተነጠረ ቅቤ ለውሳ ጭኮ ታደርግለታለች፤ ጭኮ ለሳምንታት አይበላሽም። በሶ ደግሞ እሳት አይሻም፤ አንድ እፍኝ በውሃና በጨው መበጥበጥ ይበቃል። ይህን ቀላል ነገር አታድርገው፤ ጭስ ባየበት አውሮፕላን ይመጣል።

ከአዲስ አበባ ማይጨው 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያም ርቆ የመጣ አለ። አህያው ገደል ሲገባ ወይም ሲደክም ጭነቱ በሰው ትከሻ ይሆናል። ስንቁ ሲያልቅ ዘማቹ ዓይኑን የሚጥለው በመንገዱ ባለው ገበሬ ጎተራ ላይ ነው፤ እንደ እሱው ያለ ገበሬ።

ጠመንጃው ብዙ ጊዜ ውጅግራ ነው፤ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ የድሮ የፈረንሳይ ሥሪት። ተኩሰህ፣ መቀርቀሪያውን ስበህ፣ ቀለሁን አውጥተህ ሌላ ታጎርሳለህ። ጥቁር ባሩድ ከሆነ ጭሱ ያለህበትን ያሳብቅብሃል። ዝናሩ ባዶ ሲሆን ምንሽር የሚባለውን ሌላ ጠመንጃ የያዘው ጓዱ ጥይት ሊያበድረው አይችልም፣ ልኩ አይገጥምማ።

የመርዙን ነገር በጥሞና ስማኝ። የሰናፍጭ ጋዝ ይሉታል እንጂ ዘይት የሚመስል ፈሳሽ ነው። ጣሊያን በታኅሣሥ በቦምብ ጣለው፤ ኋላም ከአውሮፕላን እንደ ካፊያ ረጨው። ሲነካ ወዲያው አያምም፤ ዘማቹ ጠርጎት መንገዱን ይቀጥላል። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ዓይኑ አብጦ ይከደናል፤ ወደ ውስጥ ከሳበው ጉሮሮውና ሳንባው ይቆስላል። ሣሩ ላይ ስለሚቆይ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ከታች ያገኘዋል፤ ሸማው ላይ የረጋውም ገላው ላይ ይከርማል። የሚያድነው ልብሱን ጥሎ ቶሎ በብዙ ውሃና ሳሙና መታጠብ ነው። ያ ሰው ግን ያለው ልብስ የለበሰው ብቻ ነው፤ ውሃውም ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም የጄኔቭ ውል ጣሊያን ፈርማ ነበር፤ ግፍ የምለው ለዚህ ነው።

መጋቢት 22 ቀን ሊነጋ ሲል ዘማቾቹ ማይጨው ላይ ጣሊያንን ገጠሙ። ቀኑን ሙሉ ተዋግተው የጣሊያንን ምሽግ መስበር አልቻሉም። ሽሽቱ ግን ከውጊያው የከፋ ሆነ። አሸንጌ ሐይቅ ዳር ሜዳው ገላጣ ነው፣ ሸማው ነጭ ነው፤ አውሮፕላኖቹ ዝቅ እያሉ ፈጁት።

ከዚያ የሚተርፈው መርዶ ነው። የተመለሰ ጓድ ወሬውን ለዘመድ ያደርሳል፤ ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ ደጁን ያንኳኳሉ። ሬሳ ስለሌለ ለቅሶው ላይ ልብሱ ይወጣል። ጠመንጃው ሊወጣ ይገባ ነበር፤ እሱም እዚያው ቀርቷል። ጓዱም ያልተመለሰለት ሰው ሚስት ግን ተዝካር ታውጣ ወይስ በሩን ታይ፣ የሚነግራት አልነበረም።

አባትህ