ሐዲዱ ዳር በእግር እንሂድ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ምድር ባቡር፣ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው።

ባለፈው ክረምት ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ሄጄ ነበር። እዚያ ለሽማግሌ ሥራው ቤት መጠበቅ ነው። መሰልቸቴን አይታ «አባዬ፣ የባቡር መንገድ ላሳይህ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ጫማዬን አሰርኩ። ቪየና የምትባል ትንሽ ከተማ ደረስን። ቀይ ፉርጎ ቆሟል። የድሮው ጣቢያም አለ። ሐዲድ ግን የለም! በሐዲዱ ቦታ አስፋልት ተነጥፏል። ሰው ይሮጣል፤ ብስክሌቱ ደወሉን እየመታ ያልፋል፤ እናቶች የሕፃን ጋሪ ይገፋሉ። እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። የማውቀው ሰው ቤት ፈርሶ ሰው ሲዝናናበት ያየሁ መሰለኝ።

ያ ባቡር የቆመው በፈረንጆቹ 1968 ነው አሉኝ። መንገዱ 72 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከቪየና ወዲያ ደግሞ በጎኑ ለፈረስ የሚሆን የጠጠር መንገድ አለው።

አንድ ሰዓት ሙሉ ሄድን። ቤት ውስጥ ደረጃ ስወጣ የሚጮኸው ጉልበቴ ዝም አለ። ልጄ ገረማት። እኔን አልገረመኝም። ባቡር ዳገት አይወድም። ብረት ጎማ ብረት ላይ ይንሸራተታል። መቶ ሜትር ሄዶ ሁለት ሦስት ሜትር ከወጣ ለእሱ ትልቅ ዳገት ነው። ስለዚህ ኮረብታው ይቆረጣል፣ ጎድጓዳው ይሞላል። ለባቡር የተደለደለ መሬት ለሽማግሌ ጉልበትም ይመቻል።

ለነገሩ እኛ ድሬዎች ራሳችን የዳገት ልጆች ነን። ሐዲዱ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር። ተራራው ሲከብድ ሜዳው ላይ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማችን ተቆረቆረች።

ከተመለስኩ በኋላ አንድ ማለዳ ከጣቢያው ተነስቼ ወደ ሁርሶ በሚወስደው በአሮጌው መስመር ሄድኩ። ሐዲዱ አለ፤ ያው አንድ ሜትር ስፋቱ። መሐሉ ላይ ፍየል ታስሯል። ከፍ ብሎ አንዱ ብሎኬት ደርድሮበታል። ፌስታሉን ተዉት። ግን ደግሞ ወተት የያዙ ሴቶች ከፊቴ በረድፍ እየመጡ ነበር፤ ልጆች በአንዱ ሐዲድ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ማን ሳይወድቅ እንደሚሄድ ይወራረዳሉ። መንገዱማ ተከፍቷል። የጎደለው የሚያስብለት ነው።

ሐዲዱን ንቀሉ አልልም፤ አፌን ይቁረጠው። አንድ ቀን ባቡር ይመለስበት ይሆናል። እኔ የምለው፣ ከሐዲዱ ራቅ ብሎ ሁለት ሜትር የእግር መንገድ ይውጣለት ነው። አስፋልትም አያስፈልግም። በድሬ ፀሐይ አስፋልት ላይ በነጠላ ጫማ ሄዶ የሚያውቅ ይፍረደኝ። ጠጠር ተደልድሎ ግራና ቀኙ ኒም ይተከል። ከዚራን ከዚራ ያደረጋት ጥላው ነው። መግቢያው ላይ ደግሞ ባጃጅ የማያሳልፍ ብረት ይቸከል፤ አለበለዚያ በሳምንቱ «አንድ ሰው የቀረው!» ሲባል እንሰማለን።

ይህን ሐሳብ በወረቀት ጽፌ ለአንድ መሥሪያ ቤት አስገብቼ ነበር። የተቀበለችኝ ልጅ ትሁት ናት፤ ሻይም ጋብዛኛለች። መልሱ ግን «ይጠናል» ነው። እኔ ይጠናል ሲባል ነው ጡረታ የወጣሁት።

እስኪጠና ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጣቢያው በር ላይ ነኝ። መሄድ የሚፈልግ ይምጣ። ውሃ ይዞ፣ ከተቻለም አንድ ባዶ ማዳበሪያ፤ ፌስታሉን እየለቀምን እንሄዳለን።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ፣ ከድሬዳዋ