ደብዳቤ ለልጄ፦ ያደረ ብርዝ አትሽጪ

የኔ ዓለም እንዴት ነሽ? ስደውል ክላስ ነኝ እያልሽ ትዘጊብኛለሽ፣ ስለዚህ ልፃፍልሽና ሲመችሽ አንብቢው። የአክስትሽ ልጅ እሁድ ዘጌ መጥቶ ነበር፣ ግቢ ውስጥ የምትሸጪው የማር ብርዝ ላይብረሪ ውስጥ የአንዷ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ፈነዳ አለኝ፣ ደብተሩ ቻርጀሩ ሁሉ በማር ተለወሰ አለ። እሱማ እየሳቀ ነው የሚያወራው። እኔም ትንሽ ስቄያለሁ አልዋሽሽም፣ ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያት፣ የተበላሸባትን ተኪላት።

ልጄ፣ ያደረ ብርዝ አትሽጪ።

ማር ብቻውን ዓመት ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ምንም። ውሃ ሲገባበት ነው ነገር የሚጀምር። ባለፈው ክረምት እዚሁ መደብ ላይ ተቀምጠሽ እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ እኮ፣ ባህርዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ፉድ ኢንጂነሪንግ የምትማሪ! ታዲያ በዚህ በሚያዝያ ሙቀት በሃይላንድ ጥርቅም አርገሽ ዘግተሽ መብራት በጠፋበት ፍሪጅ ስታሳድሪው ጠጅ መሆን ጀመረ ማለት አይደል። መፈንዳቱንስ ተይው፣ ሙስሊም ጓደኞችሽ አልኮል የለውም ብለው አምነውሽ ነው የሚገዙሽ፣ ምን ልትያቸው ነው? ውሃውንም አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ በጥብጪ፣ ከቧንቧ ቀድተሽ እንዳይሆን። ዓመት ላልሞላው ህፃን የሚገዛ ሰው ከመጣ ደግሞ አትስጪ፣ ማር ለህፃን አይሆንም።

አያትሽን ብታዪያት ኖሮ። የካቲት 16 ለኪዳነ ምህረት አንድ እንስራ ብርዝ በጥብጣ ከባህርዳር የሚመጡትን እንግዶች ስትጠብቅ ጣና ተናወጠ፣ ጀልባ የሚባል ዝር አላለም። በማግስቱ ማዕበሉ ሲበርድ መጡ፣ ተጠምተዋል፣ ብሩንም አውጥተዋል። እሷ እቴ! ያደረ ነው አልሸጥም አለች፣ የትናንቱ ምን ሆነ ቢሏት ቢለምኗት ወይ ፍንክች፣ ውሃ አጠጥታ ሸኘቻቸው። አባቴ እስኪመሽ ሲያጉረመርም ዋለ። ከዚያ ጓሮ ወርዳ ጌሾ ቀጥፋ ጨመረችበትና ጠጅ አደረገችው። (አንቺ ግን ግቢ አጠገብ ጠጅ ልጣል እንዳትዪ፣ አውቅሻለሁ።) በዓመቱ እነዚያው ሰዎች ሌላ ቤት አልገቡም፣ ከጀልባ ወርደው ቀጥ ብለው ወደኛ።

ማርና ውሃው በስንት ነው ብለሽ በቴሌግራም የላክሽልኝን አየሁት። ምን ብዬ ልመልስልሽ፣ እናቴ በዓይኗ ነበር የምትለካ፣ ጣቷን ነክራ ቀመስ ታደርግና ጨምሪ ትለኛለች ወይ ይብቃሽ ትለኛለች። ስንቱን ዓመት አጠገቧ ቆሜ አንድ ቀን ስንት በስንት ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። አሁን ማንን ልጠይቅ። እስቲ አንድ እጅ ማር በአምስት እጅ ውሃ ሞክሪና ቅመሺው፣ ሎሚ ጠብ አድርጊበት፣ የሷን ግን አይሆንም መቼም።

ሌላው ኤግዚት ኤግዛምሽ። ይሄ ነገር ከ2015 ወዲህ ማንንም አያልፍም፣ 50 ካልመጣ አምስት ዓመት የተማርሽው ዲግሪ አይሰጥሽም። ሰኔ ደረሰ እኮ! መሸጥ ካማረሽ ቅዳሜና እሁድ ሽጪ፣ በሌላው ቀን አንብቢ። መነገድሽን አልጠላሁትም፣ እንዲያውም ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቻለሁ፣ ግን ኤግዛሙን ወድቀሽ ብርዝ ሻጯ እንዳይሉሽ፣ አልፈሽ ኢንጂነሯ ብርዝ ጀመረች ይበሉሽ። በዱቤም አትስጪ፣ የዶርም ልጅ ዱቤ ሲመረቅ አብሮ ይሄዳል። የሽያጩን ቴሌብር ከኪስ ብርሽ ለይው። ከመሸ ደግሞ ባጃጅ ፍለጋ አትቁሚ።

የተረፈሽን ማታ ለዶርም ልጆች በነፃ አጠጫቸው፣ ቢከስርም ይክሰር፣ ያደረ ብርዝ ግን አትሽጪ፣ ስንቴ ልበልሽ።

ሎሚና አንድ ጀሪካን ማር በነገው ጀልባ እልክልሻለሁ፣ ረፋድ ላይ ወርደሽ ተቀበዪ፣ ሎሚው ፀሀይ እንዳይመታው። ማሩን ገልብጪና ባዶ ጀሪካኑን በዚያው ጀልባ መልሺልኝ፣ ከጎረቤት የተዋስኩት ነው።

እናትሽ