እማዬ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስላለው ሌሊት

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሐሞት ጠጠርሽ የሚወጣበት ቀን መቆረጡን ሚሚ ነግራኛለች። ኦፕራሲዮኑ በካሜራ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች የሚሠራ፣ ሐኪሞቹ የለመዱት ሥራ ነው። እኔ የምጽፍልሽ ስለ ሰመመኑ ነው፤ ይበልጡን ደግሞ ከሰመመኑ በኋላ ስለሚመጣው እንቅልፍ። ስትተኚ ትንፋሽሽ እንደሚቋረጥ የማያውቅ ሰው አጠገብሽ እንዲያድር አልፈልግም።

«ማንኮራፋት ደግሞ በሽታ ሆነና!» እንደምትይ አውቃለሁ። በእንቅልፍ ምርመራው የወጣው ቁጥርሽ 34 ነው። በአንድ ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ 34 ጊዜ ትንፋሽሽ ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይቆማል ወይም ክፉኛ ይቀንሳል ማለት ነው። ከ30 ጀምሮ ያለው ከባድ ከሚባለው ይመደባል። ጥፋቱ የሳንባሽ አይደለም። እንቅልፍ ሲወስድሽ የምላስሽና የጉሮሮሽ ጡንቻ ይላላል፤ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቅና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ደረትሽ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። በመጨረሻ አንጎልሽ ይባንናል፣ ጡንቻው ይጠነክራል፣ በትልቁ ትተነፍሺያለሽ። ጠዋት አታስታውሺውም እንጂ ሌሊቱን ሙሉ የሚያተርፍሽ ይህ መባነን ነው።

ሰመመን የሚወስድብሽ ይህንኑ መባነን ነው። የሚያስተኛው መድኃኒት ጉሮሮን ይበልጥ ያላላል። እንደ ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ፌንታኒል ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች ደግሞ አንጎል «አየር አነሰኝ» ብሎ እንዳይነቃ ያደርጉታል። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ እያለሽ ይህ ብዙም አያሰጋም፤ በጉሮሮሽ ቱቦ ገብቶ በማሽን ትተነፍሺያለሽ፣ ባለሙያው ከራስጌሽ አይለይም። አደጋው ቱቦው ከወጣ በኋላ፣ ዋርድ ውስጥ፣ መብራት ጠፍቶ ሁሉም «ጥሩ እንቅልፍ ወሰዳት፣ አትቀስቅሷት» በሚልበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለሰመመን ባለሙያው ራስሽ ንገሪው። ለቀዶ ሐኪሙ የነገርሽው ለሰመመን ባለሙያው ደርሷል ብለሽ አትመኚ። እዚያ የሕክምና ካርድ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፌ ልኬልሻለሁ፤ የምርመራው ውጤት፣ የሲፓፕ ማሽንሽ (በማስክ አየር እየነፋ ጉሮሮሽን ከፍቶ የሚያቆየው) የአየር ግፊት ከ6 እስከ 14 መሆኑ፣ የደም ግፊት መድኃኒትሽ፣ የሚነቃነቀው ጥርስሽ ሁሉ አለበት። በቀጠሮው ቀን ሳይሆን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ስጪው። ከጣትሽ ላይ የሚለካው ኦክስጅን ነቅተሽ፣ ተቀምጠሽ፣ ያለ ምንም እርዳታ ስንት እንደሆነም ያስጽፍልሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የብዙ ሰው ቁጥር ቆላ ካለ ሰው ዝቅ ይላል። የአንቺ መደበኛ 93 ከሆነ በማግስቱ 93 ሲያዩ አይደነግጡም፤ 86 ሲያዩ ደግሞ «የደጋ ነገር ነው» ብለው አያልፉትም።

ይህን ለአጎቴም አንብቢለት፤ ለሄርኒያው ቀጠሮ ይዟል፣ ተመርምሮ ግን አያውቅም። የሚጠየቀው ስምንት ነገር ነው፦ ጮክ ብሎ ማንኮራፋት፣ ቀን ቀን መድከም፣ ትንፋሹ ሲቆም ያየ ሰው መኖሩ፣ የደም ግፊት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ከ50 ዓመት በላይ መሆን፣ ከ40 ሴንቲሜትር የሚበልጥ የአንገት ዙሪያና ወንድ መሆን። ሦስቱ ካሉበት ይንገራቸው፤ አምስትና ከዚያ በላይ ካሉበት የትንፋሽ መቋረጥ እንዳለበት ሰው ቆጥረው እንዲይዙት ይጠይቅ። የእሱ ኦፕራሲዮን ወገብ ላይ በሚሰጥ መርፌ ሊሠራ ይችላል፤ ያ ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የተሻለ ነው። «እንዳይፈራ» ተብሎ ዲያዜፓም የሚባለው የሚያስተኛ መድኃኒት ከተጨመረበት ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ማሽንሽ። ቁም ሳጥን ውስጥ ከሆነ ዛሬ ማታ አውጪው፣ እማዬ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያሉትን ሳምንታት በሙሉ በየሌሊቱ አድርጊው፤ ሰውነትሽ አርፎ ይገባል፣ ደግሞም ማስኩን የለመደ ሰው ቁስል እያመመውም ያደርገዋል። ማጣሪያው ግራጫ ከሆነ ቀይሪው። ሆስፒታል ይዘሽ ስትሄጂ የውሃ ዕቃውን ባዶ አድርጊ፤ በመንገድ ላይ ከተንጋደደ ውሃው ወደ ሞተሩ ገብቶ ያበላሸዋል። ማሽኑ ያለ ውሃም ይሠራል፣ ጉሮሮ ያደርቃል እንጂ። ማስኩ፣ ቱቦው፣ የኃይል ገመዱና ማከፋፈያ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ፤ ሁሉም ላይ ስምሽ ይጻፍ። የአልጋሽ ሶኬት የት እንዳለ ሚሚ ስትገቢ ወዲያው ትመልከት። ቦርሳው ኦፕራሲዮን ክፍል በር ድረስ ይምጣ፤ መጀመሪያ የምትፈልጊው ዋርድ ከመድረስሽ በፊት፣ ስትነቂ ነው።

ኦክስጅን ከማሽኑ ጋር ከተቀጠለ ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ መጀመሪያ ማሽኑ ይከፈታል፣ ቀጥሎ ኦክስጅኑ። ሲዘጋ መጀመሪያ ኦክስጅኑ፣ ቀጥሎ ማሽኑ። ማሽኑ ጠፍቶ ኦክስጅኑ ከፈሰሰ ውስጡ ይጠራቀምና ሲነሳ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። መብራት ከሄደ ደግሞ ሚሚ ማስኩን ወዲያው ከፊትሽ ታንሳ፤ ማሽኑ ካልነፋ ያወጣሽውን ትንፋሽ መልሰሽ ትተነፍሺያለሽ፣ የተኛና መድኃኒት የወሰደ ሰው ደግሞ ራሱ አያነሳውም። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ትመልሰዋለች።

ስለ ምግቡ አጭር ነው። ቀላል ምግብ ኦፕራሲዮኑ ሊጀመር ቢያንስ 6 ሰዓታት ሲቀሩት ይቁም፤ ቅባት የበዛበት ከሆነ 8 ሰዓታት። ንጹሕ ውሃ እስከ 2 ሰዓታት ድረስ ይቻላል። ወተት የሌለው ቡናና ሻይ እንደ ውሃ ናቸው፤ አጥሚት፣ በሶና ማኪያቶ ግን እንደ ምግብ ይቆጠራሉ። የማለዳ ጠበልም በዚሁ የውሃ ሰዓት ውስጥ ይሁን። ሆስፒታሉ ከዚህ የጠበቀ ትእዛዝ ከሰጠ የእነሱን ያዢ። ጾም የለመድሽ ብትሆኚም ከታዘዝሽው በላይ ደርቀሽ አትግቢ። የግፊት መድኃኒትሽን ጠዋት በጉንጭ ውሃ ትውጪ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ አንዳንዱ ይወሰዳል፣ አንዳንዱ ይታለፋል።

ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገቢ በጀርባሽ ዝርግ አያስተኙሽም፤ ትከሻሽና ራስሽ ከፍ ይላል። ከዚያ ማስክ ፊትሽ ላይ አድርገው ለ3 እስከ 5 ደቂቃ ኦክስጅን ያስተነፍሱሻል። አትግፊው፣ በረጅሙ ሳቢ። እንደ አንቺ ያለን ሰው በማስክ ማስተንፈስና ቱቦ ማስገባት ሊያስቸግር ይችላል፤ በዚያች ክፍተት የሚያቆይሽ ያ ያጠራቀምሽው ኦክስጅን ነው። ሲያልቅ ደግሞ ቱቦው ጉሮሮሽ ውስጥ እያለ ትነቂ ይሆናል። መናገር አትችዪም፣ ያስጨንቃል። ቀድመሽ እወቂው፤ ስህተት አይደለም። ዓይን ግለጪ፣ እጄን ጨብጪ፣ ራስሽን ቀና አድርጊ ይሉሻል፤ ጡንቻሽ ሙሉ በሙሉ መመለሱን የሚያዩት በዚህና በመለኪያ ነው። ሳትነቂ ቢያወጡት ጉሮሮሽ ይዘጋል።

ከዚህ በታች ያለውን ሚሚ ሁለት ጊዜ ታንብበው፤ አስታማሚሽ እሷ ናት።

በዚያው ቀን ወደ ቤት እንዳትመለሱ። የመጀመሪያው ሌሊት በጣትሽ ላይ ያለው መለኪያ ሳይነቀል፣ ለነርሶቹ በሚቀርብ አልጋ ይደር። የአልጋው ራስጌ 30 ዲግሪ ያህል ቀና ይበል። ትራስ አንገት ሥር ብቻ መደርደር አገጭን ወደ ደረት አጥፎ ጉሮሮውን ያጠባል፤ ከወገብ በላይ ያለው ሁሉ ከፍ ማለት አለበት። ሲቻል በጎንሽ።

ማንኮራፋትሽ ሲሰማ ማንም ደስ አይበለው። ይበልጥ የሚያሰጋው ደግሞ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ሲል ነው። ያኔ ሚሚ የእጇን ጀርባ ከአፍንጫሽና ከአፍሽ ፊት ታድርግ። ሞቅ ያለ አየር ካልመጣ፣ ደረትና ሆድሽ ደግሞ እንደ ሚዛን አንዱ ሲወርድ ሌላው የሚወጣ ከሆነ፣ መንገዱ ተዘግቷል። በስምሽ ጮክ ብላ ትጥራሽ፣ ትከሻሽን ትነቅንቅ፣ «እማ፣ ተንፍሺ» ትበል። ካልነቃሽ የሁለት እጇን ጣቶች ከጆሮሽ ሥር፣ ከመንጋጋሽ ማዕዘን ኋላ አስገብታ፣ የታችኛው ጥርስ የላይኛውን እስኪያልፍ መንጋጋውን ወደ ፊት ትግፋ። ምላስ አብሮ ይነሳል፣ አየር ሲገባ ድምፁ ይሰማል። ነርስ የሚጠራው ሌላ ሰው ነው፤ እሷ ጥላሽ አትሂድ። ትንፋሽሽን በየጊዜው አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቁጠር፤ ከ10 ካነሰ ወይም ስትጠራሽ ለመንቃት ካስቸገረሽ ተረኛው ይምጣ።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። በአፍንጫሽ ኦክስጅን እየገባ ከሆነ መለኪያው 97 ሊል ይችላል። ኦክስጅኑ ደሙን ያጠግበዋል፣ በትንፋሽ መውጣት ያለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሰውን ያፈዝዛል፣ ያፈዘዘው ደግሞ ይበልጥ ትንፋሹን ያሳንሳል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ደረቱም ይታይ።

ስለ ሕመሙ፦ እንድትችዪው አልልሽም። የተቆረጠው ቦታ ሕመም በረጅሙ እንዳትተነፍሺ ያደርጋል፣ ያም ሳንባን ይጎዳል። መሠረቱ ግን ፓራሲታሞል ይሁን፤ ባለ 500 ሚሊግራም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ቁስሉ ላይ የሚወጋ ማደንዘዣ እንዲጨምሩበት ቀድመሽ ጠይቂ። እንደ ዲክሎፌናክ ያለው ማስታገሻም ይጠቅማል፣ ኩላሊትሽንና ግፊትሽን አይተው ከፈቀዱ። ሞርፊን፣ ፔቲዲን ወይም ትራማዶል የግድ ካስፈለገ በትንሹ፣ በመለኪያ እየታየ ይሰጥ። ሕመም ራሱ ሰውን ያነቃል፤ መርፌው ሕመሙን ሲያጠፋው የሚያነቃሽም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከመርፌው በኋላ ያለውን ሰዓት ሚሚ ሳታሸልብ ትቀመጥ። ፕሮሜታዚን ለማቅለሽለሽ፣ ዲያዜፓም ለእንቅልፍ ከተባለ «ትንፋሿ የሚቋረጥ ታማሚ ናት፣ የማያስተኛ አለ ወይ?» ብላ ትጠይቅ፤ ለማቅለሽለሽ ኦንዳንሴትሮን አያስተኛም። ሲያቅለሸልሽሽ አፍና አፍንጫ የሚሸፍነው ማስክ ይነሳ፣ ትውከት ወደ ሳንባ እንዳይገባ፤ የአፍንጫው ብቻ ይሻላል። ናሎክሶን የሚባለውን ማርከሻ ሰጥተውሽ ከነቃሽ ደግሞ ክትትሉ አያቁም፣ ማርከሻው ከመድኃኒቱ በፊት ሊያልቅ ይችላል።

ከመውጣትሽ በፊት ጥያቄው አንድ ነው፦ ማንም ሳይነካት፣ ያለ ኦክስጅን ተኝታ ቁጥሯ ይቆያል ወይ? ተቀምጣ እያወራች የተለካው አይበቃም።

ቤት ስትገቢም የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አትናቂ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ይጠፋና በሦስተኛው ሌሊት አካባቢ በብዛት ይመለሳል፤ ጉሮሮ ይበልጥ የሚላላው በዚያ እንቅልፍ ነው። ማሽኑ ለሌሊት ብቻ አይደለም። ጠያቂ በዝቶ ደክሞሽ ቀን ሶፋ ላይ ጋደም ስትዪም ይደረግ። ጠላም ጠጅም አይቅረብልሽ፣ ኮዴን ያለበት የሳል ሽሮፕም።

ትርፍ ማጣሪያዎቹ በማሽኑ ቦርሳ የጎን ኪስ ውስጥ ናቸው፤ ሰማያዊው ፌስታል። ዛሬ ማታ አድርገሽው ጠዋት ስክሪኑ ላይ ስንት ሰዓት እንዳደረግሽው የሚታየውን ሚሚ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ።

ጉልበትሽን እስማለሁ፣
ልጅሽ