ራምፑ ከመሠረቱ ይጀመር፦ ስለ ተሐድሶ ማዕከላት ግንባታ ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ጤና መምሪያ እና ለዞኑ ከተማና መሠረተ ልማት መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ የመምሪያዎቹ ኃላፊዎች፣

በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፣ የሕዝብ ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ደንግጓል። የተሐድሶ ማዕከል፣ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች የሚታከሙበትና የሚለማመዱበት ቦታ፣ ደግሞ ይህን ከማንም ቀድሞ ማሟላት ያለበት ነው። በዞናችን ወደፊት ለሚሠሩ ማዕከላት ይጠቅማል ያልነውን በሳንቲ ሜትር እየቆጠርን እንጽፍላችኋለን፤ ሕንፃ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

ከወለሉ ከፍታ እንጀምር። የጎጃም ክረምት ብርቱ ስለሆነ መሐንዲሱ ሕንፃውን ከጎርፍ ለማዳን ወለሉን ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ አራት ደረጃ መሆኑ ነው። ራምፑ፣ በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ፣ ትዝ የሚለው ግን ቀለም ሲቀባ ነው። ያን ጊዜ ከበሩ እስከ ግቢው መንገድ የተረፈው ቦታ ቢበዛ 3 ሜትር ይሆናል። 60 ሳንቲ ሜትርን በ3 ሜትር መውጣት ማለት 1 ለ5 ተዳፋት ነው። በዚህ ላይ ዊልቸር ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ሰው ሠራሽ እግር ገና በመልመድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሲወርድ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከ1 ለ12 የበለጠ ቁልቁለት መሠራት የለበትም። ለ60 ሳንቲ ሜትር 7 ሜትር ከ20 ያስፈልጋል፤ ከላይና ከታች የ1.5 ሜትር ማረፊያ ሲጨመርበት ከ10 ሜትር ያልፋል።

መፍትሔው ራምፑን ማስረዘም ብቻ አይደለም። ከሕንፃው በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈርና ወለሉ በ15 ሳንቲ ሜትር ይወሰን። ያን ጊዜ ያው 3 ሜትር ቦታ 1 ለ20 ይሰጣል፤ ክንዱ የደከመ ሰው ማንም ሳይገፋው ብቻውን ይወጣዋል። ቦዩ መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ የሚከደነው ፍርግርግ ክፍተቱ ከ13 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ዘንጎቹም መሄጃውን አግድመው ይተኙ። አለዚያ የዊልቸሩ የፊት ትንሿ ጎማና የክራንች ጫፍ ይሰነቀሩበታል። ወለሉ ላይ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ አይነጠፍ፤ ሐምሌ ላይ ቀይ ጭቃ የያዘ ጫማ ሲረግጠው ሳሙና ነው። እርጥብ ሳለ በመጥረጊያ ተስቦ የሻከረ ኮንክሪት ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። መደገፊያው ብረት በሁለቱም ወገን ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን፤ ተዳፋቱ ካለቀ በኋላም 30 ሳንቲ ሜትር ይቀጥል፤ እጅ የሚለቀው እግር ደልዳላ መሬት ከያዘ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የሁለት ሰዎች ፍላጎት ይጋጫል። ለዊልቸር መንገዱና የእግረኛው መሄጃ እኩል ሜዳ ቢሆኑ ይመረጣል። ዓይነ ስውር ሰው ግን መንገድ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው በዘንጉ ጠርዝ ሲነካ ነው። ስለዚህ መሬቱ እኩል ይሁንና መጋጠሚያው ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ያሉ ጉብታዎች ያሉበት ንጣፍ ይደረግ። ንጣፉን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም፤ 30 በ30 በሆነ ቅርጽ ሲሚንቶ እየሞሉ እዚሁ ማውጣት ይቻላል።

አንድ ብዙ ጊዜ የማይታይ አደጋም አለ። በረንዳ ላይ ወደ ውጭ የሚከፈት የብረት መስኮት። ዘንግ መሬት ያለውን ያገኛል፤ ፊት ቁመት ላይ የተከፈተን የመስኮት ጠርዝ አያገኝም። በመተላለፊያ በኩል ያሉ መስኮቶች ተንሸራታች ይሁኑ።

ለጆሮ ምርመራ የሚመደበው ክፍል በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ ክረምቱን በሙሉ ሥራ ይፈታል። በክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ከ35 እስከ 40 ዲሲቤል ካለፈ ታማሚው ድምፁን ያልሰማው ጆሮው ደክሞ ይሁን በጫጫታው መለየት አይቻልም። ኮርኒሱ ላይ የኮንክሪት ሶሌታ፣ በመካከሉ ክፍተት ያለው ድርብ ግድግዳ፣ ዙሪያው ጎማ የተገጠመለት በር ይኑረው፤ ከጄኔሬተሩም ይራቅ። ተራ በድምፅ ብቻ አይጠራ፤ ቁጥር በመብራት ይታይ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሚቆምበት ቦታ ከጀርባው መስኮት አይኑረው፤ ብርሃኑ ፊቱንና እጁን ያጨልመዋል።

ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራበት ወርክሾፕ በኩል ትልቁ ጠላት ጀሶ ነው። የታካሚው እግር ልክ በጀሶ ፋሻ ይወሰዳል፤ ቅርጹም በጀሶ ተሞልቶ ይሞረዳል፤ በየቀኑ ጀሶ ያለበት ውኃ ወደ መታጠቢያው ይፈሳል። ጀሶ ውኃ ውስጥም ይጠጥራል። ቧንቧ ውስጥ ከጠጠረ ወለል ከመስበር በቀር መላ የለውም። ከመታጠቢያው ሥር ባለ ሁለት ክፍል ማጥለያ ሳጥን ይገንባ፤ በመጀመሪያው ጀሶው ይዘቅጣል፣ ከላይ የጠለለው ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ክዳኑ በእጅ የሚነሣ፣ ዝቃጩም በአካፋ የሚጠረግ ይሁን። ሰው ሠራሽ እግሩ የሚሠራበትን የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ በ180 ዲግሪ ገደማ የሚያሞቀው ምድጃና የመሞረጃው ማሽን ባለ 3 ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመር ስለሚፈልጉ ማመልከቻው ከመሠረቱ ቁፋሮ ጋር እኩል ይግባ።

መጸዳጃ ቤቱ 2 በ2.2 ሜትር ይሁን፤ ዊልቸር ለመዞር 1.5 ሜትር ክብ ቦታ ይፈልጋል። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ ገላው በሩን ይዘጋዋልና። ከጎኑ ለመጥረጊያና ለባልዲ ትንሽ ክፍል ይሠራ፤ እሱ ከሌለ መጸዳጃው ራሱ ዕቃ ቤት ይሆንና ይቆለፋል። በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ ለሚመጣው የእግር እብጠት፣ ሰዉ ዝሆኔ ለሚለው፣ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መቀመጫና የእግር መታጠቢያ ይኑር፤ ሮቶውም ለዚህ የሚሆነው ውኃ ተጨምሮ ይታሰብ።

ከእነብሴ ሳር ምድር ወይም ከማቻከል መጥቶ ሰው ሠራሽ እግር የተገጠመለት ገበሬ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ደልዳላ ወለል አይደለም። በሁለት እጁ እየተደገፈ መሄድ በሚማርባቸው ትይዩ ብረቶች መካከል ከተለማመደ በኋላ ግቢው ውስጥ ኮብልስቶን፣ ጠጠር፣ የታረሰ ትልም፣ ከፍ ያለ የበር መርገጫና ዝቅ ያለ መቀመጫ (ዱካ) ያሉበት የመለማመጃ መንገድ ይዘጋጅለት። ይህ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ስለዚህ ለእሱም ለአስታማሚውም መኝታ ያስፈልጋል።

ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የመጀመሪያው፣ የወለሉ ከፍታና የራምፑ ተዳፋት በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፉ። ሁለተኛው፣ ተቋራጩ የመሠረቱን ልክ በሲባጎ በሚያስርበት ቀን፣ ኮንክሪት ሳይሞላ፣ መጸዳጃውና የምርመራ ክፍሎቹ መሬት ላይ በኖራ ይሰመሩ። በዊልቸር የምትሄድ ሴት ወደ ውስጣቸው ትግባ፣ ትዙርባቸው። ዓይነ ስውር ሰው በዘንጉ ከአጥሩ በር እስከ ካርድ ክፍል ይሂድ። መስማት የተሳነው ሰው ከአስተርጓሚው ጋር ቆሞ ብርሃኑን ይይ። ጎማው የኖራውን መስመር ከነካ መስመሩ ወደ ውጭ ይገፋ። የዚህ ሙከራ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ ተቋራጩ ከሚከፈልበት የመጀመሪያ የክፍያ ሰርተፍኬት ጋር ይያያዝ።

ከአክብሮት ጋር፣
በተሐድሶ ሕክምናና በሕንፃ ዲዛይን የምንሠራ ባለሙያዎች